የሬዚን የጠፈር መርከብ ሞዴል፦ ቀለሙ ከቴፕ ጋር ለምን ይነሳል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሦስት ነው፦ ስትቀባ ለመከለል የለጠፍከው ቴፕ ቀለሙን ልጦ መጣ፣ ክንፉ ጎበጠ፣ የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያውም አልያዘም። ከቀለሙ ልጀምር፤ አድካሚው እሱ ነው።

የተላጠውን ቀለም ገልብጠህ ጀርባውን እየው። ፕራይመሩም (ከቀለሙ በፊት የሚነፋው መነሻ ሽፋን) አብሮ ተነስቶ ባዶው ሬዚን (ሞዴሉ የተሠራበት፣ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክረው ቁስ) ከታየ፣ ክፍሎቹ በደንብ ሳይታጠቡ ነው የተቀቡት። ክፍሎቹ የሚወጡት ከሲሊኮን ቅርጽ ነው፤ ሬዚኑ እንዳይጣበቅ ቅርጹ ማላቀቂያ ቅባት ይነፋበታል፣ ከዚያ የተወሰነው ክፍሉ ላይ ይቀራል። ቅባት ላይ ደግሞ ቀለም አይዝም። ፕራይመሩ በቦታው ቀርቶ ከላይ ያለው ግራጫ ቀለም ብቻ ከተነሳ ግን፣ ወይ ሳይደርቅ ቴፕ ተለጥፎበታል፣ ወይ ቀለሙ ከኤርብረሹ (በአየር ግፊት ቀለም ከሚነፋው መሣሪያ) ወጥቶ አየር ላይ ደርቆ እንደ ዱቄት አርፏል።

ቀለሙ አክሪሊክ ከሆነ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ይለቃል። አሴቶንና ጠንካራ ቲነር አታስነካው፤ ሬዚኑን ሊያለሰልሱት ይችላሉ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እሸው። ቅባቱ የሚደበቀው በፓነሎቹ መካከል ባሉት ቀጫጭን መስመሮችና በሞተሩ አፍ ውስጥ ስለሆነ እዚያ ላይ አትቸኩል። አለቅልቀህ አሳድረው። ክፍሉ ከቅርጹ ሲወጣ አብሮት የሚመጣውን ትርፍ ጉቶ ቆርጠህ ካለሰለስክ በኋላም እጥበቱን ድገመው፤ የእጅ ወዝም ቅባት ነው።

የጎበጠው ክንፍ ቀላል ነው። ከ60 እስከ 70 ዲግሪ በሚሆን ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ንከረው (ቀጭን ከሆነ ከዚያም ያነሰ)፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቃናው፣ እንደያዝከው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገባው። ረጅምና ቀጭን ከሆነ ግን በራሱ ክብደት ተመልሶ ሊጎብጥ ይችላል፤ ውስጡ የናስ ሽቦ ያስፈልገዋል።

የፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚሠራው ፖሊስታይሪንን አሟሙቶ ነው። ሬዚን ስለማይሟሟለት ከላዩ ደርቆ ይቀራል። ለትንንሹ ሱፐር ግሉ፣ ለክንፍና ለሞተር የ5 ደቂቃ ኢፖክሲ (ከሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ቀዳዳ ውስጥ ከሚገባ ሽቦ ጋር ተጠቀም፦ በ1.5 ሚሊሜትር መብሻ በሁለቱም በኩል 8 ሚሊሜትር ያህል ብሳ። ቀዳዳዎቹ እንዲገጣጠሙ በአንዱ ቀዳዳ አፍ ላይ ጠብታ ቀለም አድርግና ሌላውን ክፍል ጫን፤ የት እንደምትበሳ ምልክቱ ያሳይሃል። እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ አይመከርም፣ አስተካክለህ ሳትጨርስ ይይዛል።

የአየር አረፋ ቀዳዳዎች የሚታዩት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ፕራይመር በኋላ ነው። በስንጥር ጫፍ ሱፐር ግሉ ከታልክ ፓውደር ጋር አድርገህ ድፈን። ቤኪንግ ሶዳም ይሆናል፣ ግን ወዲያው ስለሚጠነክር ቶሎ ካላለሰለስከው ብርጭቆ ወረቀቱ እሱን ትቶ ዙሪያውን ሬዚን ይበላል። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምር፣ በ600 ቀጥል፣ በ1000 ጨርስ፤ ሁሉንም በውሃ። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነውና ኤን95 ጭምብል አድርግ። የቀዶ ጥገናው ሰማያዊ ጭምብል ለዚህ አይበቃም።

አሁን ቀለም። አፉ 0.3 ሚሊሜትር የሆነ ኤርብረሽ ከ1 እስከ 1.4 ባር ግፊት ይበቃዋል። ፕራይመሩን በስስ በስሱ ነፍተህ 24 ሰዓት ተወው። ከዚያ የፓነሎቹን መስመሮች ተከትለህ ጥቁር ንፋ፣ ግራጫውን ጥቁሩ ጥቂት እስኪያሳልፍ ድረስ በላዩ ደርብ። በየፓነሉ ግራጫው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ሰማያዊ ወይም ቡኒ ብትጨምር መርከቡ ግዙፍ መስሎ ይታያል፤ ወጥ ግራጫ መጫወቻ ያስመስለዋል። ቴፑን መጀመሪያ እጅህ ጀርባ ላይ ለጥፈህ ሙጫውን አድክመው፣ ስታነሳም ወደ ኋላ አጥፈህ በዝግታ ሳበው።

ተለጣፊ ምልክቶቹን ከማስቀመጥህ በፊት አንጸባራቂ ቫርኒሽ ንፋ። ደብዛዛ ገጽ ላይ ከሥራቸው አየር ይቀርና ነጭ ሆኖ ይታያል። መስመሮቹን ለማጉላት የምትጠቀምበት የቀጠነ የዘይት ቀለምም አንጸባራቂው ላይ ትርፉ በቀላሉ ይጠረጋል፣ ደብዛዛው ላይ ግን ሰርጎ ያቆሽሻል። ደብዛዛው ቫርኒሽ የሁሉም መጨረሻ ነው፤ ዝናብ በሚጥልበት ቀን አትንፋው፣ እርጥበት ሲበዛ ነጭ ጉም ይጥልበታል።

መብራት ልታስገባ ካሰብክ የመርከቡን አካል ሳትዘጋ ውስጡን መጀመሪያ ጥቁር ቀጥሎ ነጭ ቀባ፤ አለዚያ ስሱ ሬዚን ብርሃን ያሳልፋል። ለአንድ ነጭ ኤልኢዲ በ9 ቮልት ባትሪ 330 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ጅረቱን የሚገድብ) ይበቃል። መስኮቶቹን በሱፐር ግሉ አታጣብቅ፣ ትነቱ ያደበዝዛቸዋል፤ ነጭ የእንጨት ኮላ ይሻላል።