«አሳወቀ» ወይስ «ቀሰቀሰ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። የከተማችን ማዘጋጃ ቤት፣ ለሕዝብ ድምፅ ስለቀረበ የሽያጭ ታክስ በየቤቱ ወረቀት ላከ። ለእናቴ «ማዘጋጃ ቤቱ ለሕዝበ ውሳኔው እየቀሰቀሰ ነው» አልኳት። ወንድሜ «እያሳወቀ ነው በል እንጂ» ብሎ ቆጣ አለ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ወረቀቱን ሳላይ አልፈርድም። ቃላቱ ግን አይተካኩም። «ቀሰቀሰ» የተኛን ሰው ነው፤ ጠብም፣ ተኝቶ የነበረ በሽታም ይቀሰቀሳል። ምርጫ ላይ ሲመጣ ሰውን ወደ አንድ ወገን ማነሣሣት ነው። «አሳወቀ» ነገሩን ነግሮ ውሳኔውን ለሰሚው ይተዋል።

እናንተ ዘንድ ደግሞ ልዩነቱ ፍርድ ቤት ደርሷል። የካሊፎርኒያ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ዊሊያም ሞት፣ በ1974 ለድምፅ የቀረበ የፓርክ ቦንድ እንዲጸድቅ ከ5,000 ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ አውጥተዋል ተብለው ተከሰሱ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1976 በሕዝብ ገንዘብ ሚዛናዊ መረጃ መስጠት እንደሚቻል፣ መቀስቀስ ግን እንደማይቻል ወሰነ። በ2009 ተራው የሳሊናስ ከተማ ሆነ። ከተማው በመብራት፣ በስልክና በመሳሰሉት ላይ የሚጣለው ታክስ ቢሻር የትኞቹ አገልግሎቶች እንደሚቋረጡ ጽፎ ነበር። ማሳወቅ ነው ተባለለት።

የሰዋስው ሰው ነኝና ዓይኔ መጀመሪያ ግሡ ላይ ያርፋል። «ታክሱ ከጸደቀ መንገዱ ይጠገናል» ማሳወቅ ነው። «መንገዳችን እንዲጠገን ታክሱን እናጽድቅ» ቅስቀሳ ነው፤ «እናጽድቅ» አጋለጠው። ግን «ታክሱ ካልጸደቀ ልጆቻችን በጨለማ ይደናበራሉ» ቢልስ? ትእዛዝ የለበትም፣ ቅስቀሳነቱ ግን አፍጥጦ ይታያል። ዳኞቹም «ምረጡ» የሚል ቃል አለመኖሩ ብቻ አያድንም ብለዋል። አጻጻፉ፣ ድምፀቱ፣ የወጣበት ጊዜ ሁሉ ይመዘናል።

ሳይጠይቁኝ ልጨምር፦ «ሕዝበ ውሳኔ» ራሱ ተገልብጦ የተሠራ ቃል ነው። በግእዝ ቤተ መንግሥት የመንግሥት ቤት ከሆነ፣ ሕዝበ ውሳኔ «የውሳኔ ሕዝብ» ሊሆን ነው። «ውሳኔ ሕዝብ» ይሻል ነበር። ግን ሕገ መንግሥታችን ሳይቀር ስለተቀበለው ከእሱ ጋር አልጣላም።

ለእናትዎ «ስለ ታክሱ ወረቀት ልከዋል» ይበሏቸውና ያንብቡላቸው። «እናጽድቅ» ካለ ወይም ካስፈራራ፣ ልክ እርስዎ ነዎት። ወጪውንና ጥቅሙን ብቻ ከዘረዘረ ወንድምዎ ረትቷል።