ኬልቪን ፕሮቡ ባይኖር ፌሮው አለ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምትማር አንዲት ተመራቂ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ስካኒንግ ኬልቪን ፕሮብ ስለሚባል መሣሪያ አንብቤ ልቤ እዚያው ቀረ። ብረቱን ሳይነካ ላዩ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ፖቴንሻል ነጥብ በነጥብ ይለካል። በዝገት ሳይንስ መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ግን መሣሪያውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አጎቴ ደግሞ ባንክ ቤት ፈተና ተፈተኚ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

እህት ዓለሜ፣ የባንኩን ፈተና ተፈተኚ። ደመወዝ እየበሉ ለትምህርት ማመልከት ነውር የለውም። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

የወደድሽው መሣሪያ መውደድ ይገባዋል። የፕሮቡ ጫፍ ከናሙናው ከፍ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ጫፉና ናሙናው አየር መሃላቸው አድርገው ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚይዝ ጥንድ፣ ይሆናሉ። ርቀቱ ሲለዋወጥ ትንሽ ከረንት ይፈጠራል። ያ ከረንት እስኪጠፋ ቮልቴጅ ይሰጠዋል፤ የሚመዘገበውም ያው ቮልቴጅ ነው። መነሻ ሐሳቡ የሎርድ ኬልቪን ነው፣ በ1898 እ.ኤ.አ.። የሚንቀጠቀጠውን ጫፍ ዚስማን በ1932 አመጣው። ወደ ዝገት ጥናት ያስገቡት ደግሞ ስትራትማንና ባልደረቦቹ ናቸው፣ በ1980ዎቹ። ተራው ሪፈረንስ ኤሌክትሮድ፣ የብረቱ ፖቴንሻል የሚነጻጸርበት መለኪያ፣ ከፈሳሹ ጋር ካልተገናኘ አይሠራም። ይሄኛው ግን ስስ የውሃ ሽፋን ላይም ይለካል። ከብረቱ እየተላቀቀ ያለ ቀለም ሥር ያለውን እንኳ፣ ቀለሙ ሳይነሳ ያሳያል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን አንድ ነገር አለ። በደረቅ አየር የተለካ ቁጥር ብረቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን በቀጥታ አይነግርሽም። የኦክሳይዱ ሽፋንና የአየሩ እርጥበት ቁጥሩን ይለውጡታል። ደግሞም ፖቴንሻል የሚናገረው ስለ ዝንባሌ ነው። ብረቱ በምን ፍጥነት እየተበላ እንደሆነ ከፖቴንሻል ብቻ አይታወቅም። ይህ የገባው ተማሪ ማሽኑን ባያይም፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ይህ ካልገባው ሰው ይበልጣል።

ይህን ለመማር ደግሞ ውድ ማሽን አያስፈልግሽም። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ስትመጪ ለቀጣዩ ፎቅ ተብሎ አናታቸው ላይ ፌሮ የቀረላቸውን ሕንፃዎች እያቸው። ስንት ክረምት ዘንቦበታል። ከኮንክሪቱ ውስጥ ያለውስ እንዴት ሆኖ ይሆን? ይህን የሚጠይቅ፣ በዓለም ላይ ተቀባይነት ያለው መለኪያ አለ፤ የአሜሪካው ደረጃ አውጪ ድርጅት ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ያወጣው ሲ 876 ይባላል። አንድ የመዳብ ዘንግ፣ የጠገበ ኮፐር ሰልፌት፣ ፈሳሹ ቀስ እያለ የሚያልፍበት መድፈኛ፣ እርጥብ ስፖንጅና ጥሩ ዲጂታል ቴስተር ይበቃሻል። ዘንጉ ፈሳሹ ውስጥ ሲቆም ሪፈረንስ ኤሌክትሮድሽ ይሆናል። ፈሳሹ መጥገቡን የምታውቂው ያልሟሟ ሰማያዊ ፍሬ ከሥሩ ሲታይሽ ነው። ኮፐር ሰልፌት መርዝ ስለሆነ ጓንት አድርጊ።

የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቂና ሶሌታው ላይ በጠመኔ መረብ አስምሪ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ከፌሮው ጋር አያይዢ፤ ፌሮውን መጀመሪያ ፍቂው፣ ዝገት ላይ የተነከሰ ክሊፕ ቁጥሩን ያዘልለዋል። ሌላውን ከመዳቡ ጋር። ኮንክሪቱን አርጥቢና ነጥብ በነጥብ ሂጂ። ከ-350 ሚሊቮልት የባሰ አሉታዊ ከሆነ በዚያ ቦታ ዝገት የመኖሩ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው ይላል መመሪያው። ከ-200 በላይ፣ ማለትም ወደ ዜሮ የቀረበ፣ ከሆነ ዝገት ያለመኖሩ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው። መሃል ያለው አይታወቅም። በውሃ የራሰና ኦክስጅን ያጣ ኮንክሪት ግን ብዙ ዝገት ሳይኖር በጣም አሉታዊ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። አየሽ፣ ያው የኬልቪን ፕሮቡ ጣጣ ነው፤ ነጥቡ ብቻ ከማይክሮን ወደ ግማሽ ሜትር አደገ።

አማካሪሽ ከፈቀዱ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ይህን አድርጊው። እንጀራም አለበት። ድልድይና ሕንፃ የሚመረምር፣ ነዳጅ ታንክና የውሃ ቧንቧ የሚጠብቅ፣ ቦይለር ያለው ፋብሪካ፣ ሁሉም ዝገት ያስቸግራቸዋል። ሥራ ፍለጋ ስትወጪ ግን «ዝገት ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። «ጥራት ቁጥጥር»፣ «ጥገና»፣ «ውሃ ማጣራት» በሚል ስም ነው የሚወጣው። የዝገት መከላከል ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው ኤ.ኤም.ፒ.ፒ. የሚሰጠው ሰርቲፊኬት ይከበራል፤ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ቀጣሪ እስኪከፍልልሽ አትቸኩዪ።

ለቀጣዩ ትምህርት ዱሰልዶርፍ ያለውን የማክስ ፕላንክ ኢንስቲትዩትና ኦሃዮ ስቴት ያለውን የፎንታና የዝገት ማዕከል እያቸው። የጀርመኑን ዳድ (DAAD) ስኮላርሺፕም ተከታተዪ። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ «መሣሪያችሁን እወደዋለሁ» ማለቱን ተዪው። የሠራሽውን የፖቴንሻል ካርታ አያይዢ፤ ከሥሩ ደግሞ የትኞቹን ነጥቦች እንደማታምኛቸውና ለምን እንደሆነ በሁለት መስመር ጻፊ። ኢሜይሉን የሚያስነብብልሽ እሱ ነው።