«አንዴ ብቻ ሥሪልኝ» ለሚሉኝ ምን ልመልስ?

ክቡር የአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ?

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የግራፊክ ዲዛይን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርቱን ወድጄው ነው የገባሁበት፤ አሁንም እወደዋለሁ። ያስቸገረኝ ግቢው ውስጥ «ዲዛይን የምትችለዋ ልጅ» ተብዬ መታወቄ ነው። የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ዝግጅት ሲኖረው ፖስተሩ ወደ እኔ ይመጣል። ተመራቂዎች የቲሸርታቸውን ጽሑፍ፣ የዶርም ጓደኛዬ የዘመዷን የሠርግ ጥሪ፣ የማላውቀው ልጅ ደግሞ ሊከፍት ያሰበውን የቁርስ ቤት ሎጎ ያመጡልኛል። ሁሉም «ለአንቺ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» ይላሉ። እምቢ እንዳልል ይሉኝታ ይይዘኛል። ካፌ ስሰለፍ እንኳን «ያቺ ነገር አለቀች?» የሚለኝ አይጠፋም።

የራሴ ላፕቶፕ የለኝም። የትምህርት ክፍላችን ኮምፒውተር ክፍል ማታ ስለሚዘጋ የዶርም ጓደኛዬ ስትተኛ የእርሷን እዋሳለሁ። የሰው ሥራ ጨርሼ የራሴን ልጀምር ስል ይነጋል። ለታይፖግራፊ ኮርስ የጀመርኩት የፊደል ሥራ ከእርሳስ ንድፍ ሳያልፍ ማስረከቢያው ደረሰ። የተመራቂዎቹ ቲሸርት ደግሞ ታትሞ ሲመጣ ፊደሉ ተደፍኖ ለማንበብ አስቸገረ፤ ወቀሳው በእኔ ላይ ሆነ።

አባቴ በክፍለ ሀገር ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። በደወለ ቁጥር «ለሥዕል ዩኒቨርሲቲ ምን አስኬደሽ? ወደ አካውንቲንግ ቀይሪ» ይለኛል። እውነቱን ይሆን?

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

ውድ እህቴ፣

የአባትሽን ነገር ላቆየውና ከይሉኝታሽ ልጀምር። አንድ ዶርም የምታድሩ፣ አንድ ሰልፍ የምትሰለፉ ልጆች ናችሁ። ስትታመሚ ምግብሽን ከካፌ የምታመጣልሽን ልጅ «ዋጋው ይህን ያህል ነው» ማለት እንደሚከብድሽ ይገባኛል፤ ይህን ስሜትሽን እንድትጥይው አልፈልግም። ነገር ግን የሚመጣልሽን ሁሉ መቀበል የለብሽም። ሥራ ሲመጣ ሁለት ነገር ተመልከቺ፤ ይታተማል ወይ? በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ነው ወይ? ሁለቱም ካሉበት ያዢው፤ ያስተምርሻልና። ለስልክ ብቻ የሚላክ የልደት ካርድ ከሆነ ግን ዝግጁ ቅርጽ የሚገኝበትን መተግበሪያ ለጠያቂዋ አሳያትና ራሷ ትሥራው። ይህ እምቢታ አይደለም፤ ማንም አይቀየምሽም።

ለምን እነዚህን ሁለቱን እንደመረጥኩ ከቲሸርቱ ተነሥቼ ላስረዳሽ። ግቢ ውስጥ የሚለበሱ ቲሸርቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚታተሙት ቀለም በወንፊት መሰል ጨርቅ ውስጥ እየተገፋ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ክፈፍ ስለሚያስፈልግ ቀለም በጨመርሽ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ቀለሙ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጥቂት ይሰፋል። አሁን «ሲ» እና «ሴ»ን አስቢ፤ የሚለያቸው እግራቸው ሥር ያለች ትንሽ ምልክት ናት። የ«ሴ» ቀለበት በቀለም ከተሞላች ፊደሏ «ሲ» መስላ ታርፋለች። ፊደላችን ድምፁን የሚለውጠው እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ጭረቶችና ቀለበቶች ስለሆነ፣ ለላቲን ጽሑፍ የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም። በፊደሉ ውስጥ ሰፋ ያለ ቀዳዳ፣ ከፍ ያለ መጠን፣ ዘርዘር ያለ መስመር ይፈልጋል። ይህን በብዙ ቅጂ ታትሞ እጅሽ ላይ ሲገባ አንዴ ካየሽው መቼም አትረሽውም። ወቀሳው ያምማል፤ ያቺን ቲሸርት ግን አስቀምጫት።

ሌላም አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን ለመለየት በጋራ በሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የወጡት ፎንቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አሠራር የተቀመጡ ነበሩ። በእነርሱ የተጻፈ ሥራ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ጽሑፉን አውትላይን አድርጊው፤ ፎንት የማይፈልግ ቅርጽ ይሁን ማለቴ ነው፤ ማስተካከያ ቢመጣ እንዳትቸገሪ ደግሞ ያልተቀየረውን ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ። ለፖስተር ወረቀቱ ከሚቆረጥበት መስመር ውጪ በየጠርዙ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ተዪ።

ሥራውን ከያዝሽ በኋላ ይሉኝታ ቦታ የለውም። የመጨረሻው ጽሑፍ፣ መጠኑና የሚፈለግበት ቀን በጽሑፍ ይድረስሽ፤ በቃል የመጣ ትእዛዝ አትጀምሪ። እርማት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው በይ። የማሳተሚያውን ሁሉ ባለቤቱ ይክፈል። የቁርስ ቤቱ ልጅ ግን ሊነግድበት ነውና ለድካምሽም ይክፈል፤ ዋጋውን ከመጀመርሽ በፊት ንገሪው፤ ግማሹንም ቅድሚያ ተቀበይ።

የላፕቶፑ ነገር ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ሆኖም ፊደል መሥራት በኮምፒውተር አይጀመርም። ቁም ጸሐፊዎቻችን መቃ ቀርጸው፣ ብራና አስምረው፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ እያጎሉ የገጽ አደረጃጀትን በእጃቸው ኖረውታል። አዲስ አበባ ከመጣሽ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሄደሽ የብራና መጻሕፍቱን ተመልከቺ፤ በየአካባቢሽም አስፈቅደሽ የምታዪው አይጠፋም። ቀን በወረቀት ጨርሺ፤ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጪ የቀረሽ ንድፉን ማስፈር ብቻ ይሁን። ኢንክስኬፕ የተባለው የንድፍ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃሻል። የክፍልሽ ልጆች በሙሉ ተፈራርማችሁ ኮምፒውተር ክፍሉ በፈተናና በማስረከቢያ ሰሞን ማታ ክፍት እንዲሆን ብትጠይቁ ደግሞ ይሻላል፤ አንቺ ብቻሽን የምትሸከሚው ነገር መሆን አልነበረበትም።

ወደ አባትሽ ልምጣ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ወደ ሥዕል ዞሩና በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያሉትን ታላላቅ የመስታወት ሥዕሎች ሠሩ። ይህ ታሪክ አንቺን ያበርታሽ እንጂ ለአባትሽ አትንገሪያቸው። ልጃቸው ምን በልታ እንደምታድር የሚጨነቁ ሰው በታዋቂ ሰው ታሪክ አይረጋጉም። ትምህርት ክፍልም አትቀይሪ፤ የምትወጂው ፊደሉን ነው፤ ከሒሳብ መዝገብ ፊት ተቀምጠሽ እርሱን ስታስቢ ትኖሪያለሽ።

ለክረምት ዕረፍት ስትሄጂ የሱቃቸውን ታፔላ ሥሪላቸው። መጀመሪያ ደንበኛው ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ምን ያህል እንደሚነበብ ቆመሽ አጥኚ፤ ስሙን በራስሽ እጅ በቀረጽሽው ፊደል ጻፊው፤ ከእርሱ ጋር የሚሄድ የደረሰኝ ጥራዝ አሳትሚ። ስታስረክቢያቸው ማተሚያ ቤቱ የጠየቀውን ዋጋና ለዲዛይን ሥራው ሌላ ሰው ያስከፍል የነበረውን አብረሽ ጽፈሽ ስጫቸው። ነጋዴ ናቸውና ሒሳቡን ራሳቸው ይሠሩታል።