«ስንት ፎቅ ይፈቀድልኛል?»

ጥያቄ፦ ለገጣፎ በጂ+4 ፈቃድ የተሠራ ሕንፃ አለኝ። ከተረከብኩት ሦስት ዓመቱ ነው። ታች ያሉትን ሱቆች ካሰፋን ወዲህ ተከራይ ስለበዛ ሁለት ፎቅ ልጨምር አስቤያለሁ። አሜሪካ ያለው መሐንዲስ የእህቴ ልጅ «ሺር ዎል (የጎን ግፊት የሚሸከም የአርማታ ግድግዳ) ያለው ሕንፃ እስከ 49 ሜትር ይፈቀዳል» ይለኛል። የእኔ ተጨምሮበትም ግማሹን ቢደርስ ነው። ሕጉ ይከለክለኛል?

መልስ፦ የእህትዎ ልጅ አልተሳሳተም፤ የነገረዎት ግን የአሜሪካውን ደረጃ ነው። እዚያ 49 ሜትር (160 ጫማ) የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት በሚበረታበት ምድብ፣ ልዩ የፌሮ አሠራር ላለው የአርማታ ግድግዳ ነው። ተራውን ሺር ዎል እዚያው ምድብ ውስጥ ጭራሽ አይፈቅዱትም። ሕንፃ መሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም የወጣው የእኛው ደረጃ፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፣ ከአውሮፓው የተቀዳ ስለሆነ የሚጠይቀው እንዲህ ያለ የቁመት ገደብ ሳይሆን ስሌት ነው። ለእርስዎ የተፈቀደው ቁመት ማኅተም ያረፈበት ፕላንዎ ላይ ያለው ነው፤ ከሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ጀምሮ ፎቅ መጨመርም ያለውን መለወጥም ፈቃድ ይፈልጋል።

እኔን ያሳሰበኝ «ሱቆቹን ካሰፋን ወዲህ» ብለው በጎን ያለፉት ነገር ነው። ምን አፍርሰው አሰፉ? ማን ፈቀደ? አይቀየሙኝና፣ ከፎቁ በፊት መጠየቅ የነበረብዎት ይህንን ነው። ሁለት ሱቅ ለመቀላቀል ግድግዳ ሲመታ ብሎኬት ከወጣ አንድ ነገር ነው። ፌሮ ብቅ ካለ ግን የተቆረጠው፣ መሬት ሲናወጥ ሕንፃውን ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል የሚሸከመው ግድግዳ ሊሆን ይችላል፤ ያውም ኃይሉ በሚከማችበት በምድር ወለሉ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ከፈንታሌ በኩል የመጣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከቤት አስወጥቷል።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድም እዚሁ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ ነው። ሰባቱ ይቀርዎታል። ነገ ስንጥቅ ታይቶ ቢከሱት ግን መጀመሪያ የሚያሳየው ያንን የተቆረጠ ግድግዳ ነው፤ «እኔ ያስረከብኩት ይህንን አይደለም» ይላል። በሌላ በኩል በቁጥር 2077 ባለቤቱ ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ኃላፊ ነው። እናም ተቋራጩን የሚይዙበት እጅዎ ሲላላ፣ የተከራዩም የመንገደኛውም ጉዳት እርስዎ ላይ ይመጣል። «የወረዳው ሰው አይቶ ዝም ብሏል» የሚለው መልስ ፍርድ ቤት አያድንም። በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ካለዎት ያምጡት፤ ከሌለ እንደሌለ ቆጥረን እንነሳ።

ስለዚህ የፎቁን ነገር ለጊዜው ያቁሙት። የጸደቀውን የስትራክቸር ፕላን፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤውን፣ የአፈርና የኮንክሪት ምርመራ ውጤቶችን፣ ከተቋራጩ ጋር የተዋዋሉበትን ሰነድ ይሰብስቡ። ሱቁን ያሰፋልዎትን ሰው ስምና የከፈሉበትን ደረሰኝም ይፈልጉ። ፈቃድ ያለው የስትራክቸር መሐንዲስ የተቆረጠውን ቦታ ከፕላኑ ጋር አስተያይቶ በጽሑፍ ያስረዳዎት፤ እስከዚያ ለተቋራጩም ለወረዳውም ምንም አይጻፉ፣ አንድ ቃል ሳይፈርሙ ሰነዶቹን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። የተቆረጠው ቦታ ገና ካልተለሰነ አያስለስኑት፤ ከተለሰነም ከመለሰኑ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለ ፈልገው ያስቀምጡ።