መልስ፦ ቀጭኑ ድምፄ የት ሄደ?

እህቴ፣ «ሠርግ ላይ ስዘፍን አድሬ ድምፄ ጎረነነ። ማውራት እችላለሁ፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን እምቢ አለኝ። ዝንጅብል በማርም አልረዳኝም» ብለሻል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የድምፅ አውታሮች አብጠው ነው።

ማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለቱ አውታሮች ሴት ስታወራ በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ ይጋጫሉ። ከፍ አድርገሽ ስትዘፍኚ ደግሞ ከዚያም በላይ። ግጭቱ ሲበዛ ፈሳሽ ይቋጥራሉ። ያበጠ አውታር ይከብዳል፤ ቀስ ብሎ ይርገበገባል፤ ድምፅም ይወፍራል። የክራርን ወፍራም ጅማት አስቢ። ጠርዛቸውም እኩል ስለማይገጥም አየር ያመልጣል፣ ድምፁ ይሻክራል። ቀጭን ድምፅ፣ በተለይ በለሆሳስ ሲዜም፣ ቀድሞ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ዝንጅብሉ ጉሮሮን ያለሰልሳል እንጂ አውታሮቹ ጋ አይደርስም። ቢደርስማ ትን ይልሽ ነበር! ይልቅ ውሃ ጠጪ፤ ጥቂት ቀን ድምፅሽን አሳርፊ። ማንሾካሾክና ጉሮሮ መጥረግም ይቅርብሽ፤ አውታሮቹን ያደክማሉ። በ3 ሳምንት ውስጥ ካልተሻለሽ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይይልሽ። መተንፈስ ካስቸገረሽ ግን ቀን አትቁጠሪ፣ ዛሬውኑ ሂጂ።