ለታዳጊዎች የዒላማ ክበብ ምን ዓይነት ጠመንጃ እንግዛ? ጥያቄና መልስ

በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር ወላጆች ለልጆቻችን የዒላማ ተኩስ ክበብ ለማቋቋም በመነሣታችን፣ ታዳጊዎችን በ10 ሜትር ርቀት በሚተኮስ የአየር ጠመንጃ ለብዙ ዓመታት ያሠለጠኑ አንድ አባላችን ጥያቄዎቻችንን እንዲመልሱልን ጠይቀናቸዋል። ጥያቄዎቹና መልሶቹ በቀረቡበት ቅደም ተከተል ሰፍረዋል።

ጥያቄ (አባት፣ ከስፕሪንግፊልድ)፦ አሥር ልጆች አሉን፤ ገንዘባችን ግን ጥቂት ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከጠመንጃው በፊት ምድቡን ይወስኑ። እዚህ አገር የታዳጊዎች የአየር ጠመንጃ ውድድር «ስፖርተር» (በቀላልና ርካሽ ጠመንጃ) እና «ፕሪሲዥን» (በውድና ይበልጥ ረቂቅ ጠመንጃ) በሚባሉ ሁለት ምድቦች ይካሄዳል። በሁለቱም 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የእርሳስ ጥይት (ከእንግዲህ «እርሳስ» የምለው) ይተኮሳል፤ ልጆቹም ተኝተው፣ ተንበርክከውና ቆመው ይወዳደራሉ። በስፖርተር ምድብ የጠመንጃው ክብደት ከ7.5 ፓውንድ መብለጥ የለበትም፤ ቃታውም ከ1.5 ፓውንድ ባነሰ ግፊት መለቀቅ የለበትም፤ ልዩ የተኩስ ጃኬትና ሱሪም አይፈቀድም። አቅም ላነሰው ክበብ ይህ ደንብ ትልቅ ረዳት ነው፤ ምክንያቱም ሀብታም ወላጅ በገንዘቡ ሊገዛው የሚችለውን ብልጫ አብዛኛውን ከመነሻው ያስቀርለታል።

ስለዚህ በስፖርተር ይጀምሩ። ለአሥር ልጆች አምስት ጠመንጃ ይበቃል፤ በሁለት ዙር ይፈራረቃሉ። ዴዚ 853 በአንድ ጊዜ የእጅ ግፊት አየር የሚያምቅ፣ ሲሊንደር (የታመቀ አየር መያዣ) የማይፈልግ፣ በርሜሉም የጀርመኑ የሎታር ዋልተር ሥራ የሆነ ጠመንጃ ነው፤ ያገለገለው በርካሽ ይገኛል። ጉድለቱ ቃታው ሸካራና ከባድ መሆኑ ነው፤ ትንንሽ ልጆችም ማመቂያውን ለመዝጋት ጉልበት ስለሚያጥራቸው አዋቂ አጠገባቸው መቆም ይኖርበታል። ክሮስማን ቻሌንጀር በታመቀ አየርም በካርቦን ዳይኦክሳይድም ይሠራል። ቴክሳስ ውስጥ የሚሠራው ኤርፎርስ ኤጅ ደግሞ ቀላል፣ ሰደፉ የሚረዝምና የሚያጥር፣ ለቀኝም ለግራም እጅ የሚመች ነው። አዲስ ሲገዙ ሁለቱም ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣሉ፤ ከጀርመን የሚመጡት የፕሪሲዥን ጠመንጃዎች ግን አዲሶቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ጥያቄ (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 1,200 ጫማ የሆነ፣ መነጽር የተገጠመለት የአየር ጠመንጃ ከ200 ዶላር ባነሰ ዋጋ አየሁ። ይህ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም፤ አይግዙት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ገዥ ለመሳብ የተጻፈ ነው። ለ10 ሜትር የተሠሩት ጠመንጃዎች ከዚያ ግማሽ በማይበልጥ ፍጥነት ይተኩሳሉ። ያዩት ጠመንጃ የሚሠራው በጠንካራ ሞላ ነው፤ ሞላው ሲለቀቅ ጠመንጃው ወደ ኋላ ከዚያም ወደ ፊት ይነቀነቃል፤ እርሳሱ ከአፈሙዙ ሳይወጣ የሚፈጠረውን ይህን ንቅናቄ ልጅ ይቅርና ልምድ ያለው አዋቂም በቀላሉ አይቆጣጠረውም። የዒላማው አሥር ቁጥር ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ነጥብ መሆኑን ያስቡ። መነጽሩም ቢሆን በውድድሩ አይፈቀድም፤ የሚያስፈልገው ከኋላ በትንሽ ቀዳዳ የሚታይበት፣ በጠቅታ የሚስተካከል ማነጣጠሪያ ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ)፦ አንድ ሰው ያገለገለ አንሹትዝ (የጀርመን የአየር ጠመንጃ) በ600 ዶላር ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ርካሽ አይደለም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋጋውን ሳይሆን ሲሊንደሩን ይጠይቁ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ክበቦች ገንዘባቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በታመቀ አየር የሚሠሩት የአንሹትዝ፣ የፋይንቨርክባውና የዋልተር ጠመንጃዎች ከበርሜሉ ሥር የተንጠለጠለ ሲሊንደር አላቸው፤ ውስጡ እስከ 200 ባር፣ ማለትም ወደ 3,000 ፒኤስአይ የሚጠጋ ግፊት ይይዛል። ይህ ዕቃ ከልጁ ፊት ጥቂት ስንዝር ርቆ የሚቀመጥ ነው። አምራቾቹ በተለምዶ የ10 ዓመት ዕድሜ ይወስኑለታል፤ የተሠራበት ቀንም አካሉ ላይ ተቀርጿል። ሻጩ ጠመንጃውን በእጅዎ ሲሰጥዎ መጀመሪያ አገላብጠው ያንን ቁጥር ያንብቡ። ቀኑ ካለፈ የአዲሱን ሲሊንደር ዋጋ በ600 ዶላሩ ላይ ይደምሩ፤ ለአሮጌ ሞዴል ደግሞ ተተኪው መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ትተውት ይሂዱ።

ሲሊንደሩ የሚሞላው ከዋናተኛ ጋን (ጠላቂ ዋናተኞች ከሚተነፍሱበት የአየር ጋን) ከሆነ እሱም በየ5 ዓመቱ የግፊት ፍተሻ ይደረግለታል። በሲሊንደሩ ኦክሲጅን በምንም ዓይነት አይሞላበት፤ ይፈነዳል።

ሲሊንደር የማይፈልጉ አሮጌ የፕሪሲዥን ጠመንጃዎችም አሉ። ፋይንቨርክባው 300ኤስ በሞላ ቢሠራም፣ ሲተኮስ አካሉ በሐዲድ ላይ ተንሸራቶ ንቅናቄውን ስለሚውጠው እስከ ዛሬ ድንቅ ነው። ነገር ግን ክብደቱ ከስፖርተር ወሰን ያልፋል፤ ለ10 ዓመት ልጅም አይሆንም።

ጥያቄ (አባት፣ ከዉድብሪጅ)፦ ለመሆኑ የአየር ጠመንጃ መጫወቻ አይደለም? አባቶቻችን በምንሽርና በአልቤን ነው ያደጉት። ልጆቹ ቢያንስ በ22 ካሊበር (በባሩድ በሚሠራው ትንሽ ጠመንጃ) ይጀምሩ።

ሌላ አባል (እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ)፦ ወንድሜ፣ አባቶቻችን ያደጉበት ሁኔታ ሌላ ነው። እኔ ልጄን የማመጣው ትዕግሥትና ጸጥታ እንዲማር ነው፤ ጀግና እንዲባል አይደለም። ባሩድ ያለበት ከሆነ አላመጣውም።

ጠያቂው (አባት፣ ከዉድብሪጅ)፦ ጀግንነት ማን አነሣ? ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውን አይተን ስላደግን ሁሉንም ተኩስ አንድ እናደርገዋለን እንጂ፣ በሥርዓት ከተያዘ 22 ካሊበርም ስፖርት ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከጉዳዩ እየወጣችሁ ነው፤ የሰርጉን ተኩስ እዚያው እንተወው። 22 ካሊበር መልካም ስፖርት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን እውነተኛ የተኩስ ሜዳ ይጠይቃል፤ ጥይቱም ይወደዳል፤ በክረምትም ልምምዱ ይቋረጣል። የአየር ጠመንጃ ግን ተገቢ የጥይት ማቆሚያ ተሠርቶለት ባለቤቱ ከፈቀደ አዳራሽ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። መጫወቻ ነው ለሚለውም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ የኦሊምፒኩን የመጀመሪያ የወርቅ ሜዳሊያ የወሰደችው ጂኒ ትራሸር ያሸነፈችው በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ነው፤ ያኔ 19 ዓመቷ ነበር፤ ያደገችውም እዚሁ ስፕሪንግፊልድ ነው።

ጥያቄ (አባት፣ ከሴንተርቪል)፦ ታዲያ ከሁሉም የትኛው ጠመንጃ ይሻላል?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ። ለማን፣ በስንት ዶላር፣ በየትኛው ምድብ እንደሆነ ሳይነግሩኝ «የትኛው ይሻላል» ለሚለው መልስ የለኝም።

ጥያቄ (እናት፣ ከቦዊ)፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አጭር ነው፤ የምትጽፈውም በግራ እጇ ነው። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ ይህ ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ የምትጽፍበትን እጅ ሳይሆን የሚመራውን ዓይኗን ይወቁ። ሁለት መዳፎቿን አጣምራ በመካከላቸው ትንሽ ቀዳዳ ታብጅ፤ እጆቿን ዘርግታ በቀዳዳው ውስጥ ሩቅ ያለ ዕቃ እያየች ቀዳዳውን ቀስ በቀስ ወደ ፊቷ ትሳብ። ቀዳዳው የሚመጣበት ዓይን እሱ ነው፤ እኔ በዚያው ወገን እንድትተኩስ አደርጋለሁ።

ከዚያ የሰደፉን ርዝመት ይመልከቱ። ሰደፉ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ፣ አንገቷን ሳታሰግግ ጉንጯ ሰደፉ ላይ ተደግፎ ዓይኗ ወደ ማነጣጠሪያው ቀዳዳ ራሱ መምጣት አለበት። ሰደፉ ከረዘመባት ወገቧን ወደ ኋላ ታጥፋለች፤ ቆማ ስትተኩስም ጠመንጃውን የሚሸከመው ክንዷ ክርኑ ዳሌዋ ላይ ማረፍ ስለማይችል በጡንቻዋ ብቻ ትይዘዋለች። ከጥቂት ተኩስ በኋላ ክንዷ ይንቀጠቀጣል፤ አሠልጣኙም ሰነፍ ናት ይላታል። ሰነፍ አይደለችም፤ ለሌላ ሰው የተሠራ ዕቃ ነው የተሰጣት። በዴዚ 853 ሰደፉን የሚያስረዝሙትን ተለጣፊ ሰሌዳዎች ፈትቶ ማውጣት ይቻላል፤ ኤርፎርስ ኤጅን ደግሞ ማሳጠር ቀላል ነው። ለክበቡ ሲገዙ በትንሹ ልጅ ይለኩ፤ ማስረዘም ይቻላል፣ ማሳጠር ግን ወሰን አለው። ተኝተውና ተንበርክከው ሲተኩሱ የሚያገለግለውን ማንገቻም ከጠመንጃው ጋር ያስቡበት።

ጥያቄ (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ያገለገለ ፋይንቨርክባው በኢንተርኔት አግኝቻለሁ፤ ልግዛ?

መልስ፦ የሲሊንደሩን ቀን ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። ስለ አንሹትዙ የተናገርኩት ለሁሉም ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ)፦ እርሳሱ ለልጆች ጤና አያሰጋም?

መልስ፦ በእጅ ወደ አፍ እንዳይሄድ መጠንቀቅ ነው። በተኩስ ቦታው አይበላም፣ አይጠጣም፤ ሲጨርሱ እጃቸውን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠባሉ፤ ወለሉም በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም። ጠመንጃው በማይተኮስበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ በበርሜሉ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለፈ ደማቅ የፕላስቲክ ክር ይግባበት፤ የሣር መቁረጫ መሣሪያ ላይ የሚጠመጠመው ክር ይበቃል። ክሩ ከአፈሙዙ ወጥቶ ከታየ በርሜሉ ባዶ ነው፤ ካልታየ ማንም ልጅ ወደ ዒላማው መስመር አያልፍም። የዓይን መከላከያ መነጽርም ለሁሉም ግዴታ ነው።

ጥያቄ (አባት፣ ከሴንተርቪል)፦ ኢንሹራንስና ሕጉስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ጠበቃ አይደለሁም፤ ካውንቲያችሁን ጠይቁ። ለመነሻ የፎር-ኤች (የአሜሪካ የወጣቶች ድርጅት) ተኩስ ስፖርትን ወይም ሲኤምፒን (የአሜሪካ የሲቪል ዒላማ ተኩስ ድርጅት) ያነጋግሩ።

ጥያቄ (አባት፣ ከዉድብሪጅ)፦ ሁለት ጠመንጃ በሻንጣ ይዤ አዲስ አበባ ላሉ የእኅቴ ልጆች ብወስድላቸውስ?

መልስ፦ አይሞክሩት። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ በአውሮፕላን ማረፊያ የተያዘ ሰው «የልጆች ስፖርት ነው» ቢል የሚሰማው የለም።

ጥያቄ (እናት፣ ከቦዊ)፦ ጠመንጃውን ከገዛን በኋላ የሚተርፈን ገንዘብ ጥቂት ነው። ምን ላይ እናውለው?

መልስ፦ እርሳስ ላይ። አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ወረቀቱን በንጹሕ ክብ የሚበሳውን ይግዙ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት አምራቾች አንድ አንድ ቆርቆሮ ወስደው በእያንዳንዱ ጠመንጃ ተደግፈው ይሞክሩ፤ ቀዳዳዎቹን የሚያቀራርበውን ከለዩ በኋላ ለወቅቱ የሚበቃውን በጅምላ ይግዙ። ያገለገለ ጠመንጃ የሚገዙ ከሆነም፣ አሁንም እላለሁ፣ የሲሊንደሩን ቀን ይዩ።