ለፌዝድ አሬይ (ብየዳን በድምፅ ሞገድ የመፈተሽ) ሥራ ወደ ገልፍ ለምትሄደው ወንድሜ

«ዩቲ (የአልትራሳውንድ ፍተሻ) ሌቭል 2 አለኝ፣ የፌዝድ አሬይ ኮርስ ጨርሻለሁ፣ ገልፍ ለሪፋይነሪ ሻትዳውን (የነዳጅ ማጣሪያው ለጥገና ሲቆም) ተጠርቻለሁ፣ ምን ይዤ ልሂድ?» ብለህ ነው የጠየቅከው። ስለ ኤስ-ስካን (የማሽኑ ምስል) እና ቲሲጂ (የምልክት ማስተካከያ) አልነግርህም፣ ኮርሱ ላይ ጠግበኸዋል።

1ኛ፦ ብረት ላይ የሚለጠፍ ቴርሞሜትር ግዛ። በራስህ ብር። ኩባንያው ይሰጠኛል ብለህ እንዳትጠብቅ።

2ኛ፦ ካሊብሬሽን ብሎኩን (ማሽኑን የምታስተካክልበትን ብረት) ኤሲ ካለበት ፖርታ ካቢን (የሳይት ቢሮ) አውጣው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ዌጁ፣ ማለትም በፕሮቡና በብረቱ መካከል ያለው ቁራጭ፣ ፕላስቲክ ነው፣ ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ የሚሄድበት ፍጥነት ይቀንሳል። የብረቱ ግን ብዙም አይነቃነቅም። ስለዚህ ብረቱ ውስጥ የሚገባው አንግል ይከፈታል፣ በተለይ ትልልቆቹ አንግሎች። ማሽኑ 70 ነው ይልሃል፣ ጨረሩ 72 ላይ ነው። ሁለት ዲግሪ ምን ታመጣለች እንዳትል። 25 ሚሊሜትር ብየዳ ላይ ከብየዳው ሥር (ከታችኛው ጫፉ) የሚመለሰው ምልክት ጥልቀቱ ወደ 3 ሚሊሜትር ይሳሳታል። ጤነኛው ሥር ብየዳው ውስጥ ያለ ጉድለት መስሎ ይወጣል። ይሄ እንኳን ቀላሉ ነው። ከላይ ከካፑ (ከብየዳው የላይኛው ሽፋን) ሥር ያለ እውነተኛ ጉድለት ካፑ ራሱ መስሎህ ብታልፈውስ?

3ኛ ልል ነበር፣ ግን ይህን ሳልጨርስ አላልፍም። አንዴ የሠራሁት ሥራ በሐምሌ ሙቀት ነበር። የደንበኛው ኪውሲ (ጥራት ቁጥጥር) ቢሮ ውስጥ ሰላምታ እንኳን የማይመልስ ሰውዬ ነበር። ካሊብሬሽን ካቢን ውስጥ ብቻ ይሠራ፣ ውጭ ጊዜ ማባከን ነው አለ። ቴርሞሜትሬን ብሎኩ ላይ አደረግኩ፣ 23 ዲግሪ። ቧንቧው ላይ 52። አዝሚ (የአሜሪካ ሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ) ሴክሽን 5፣ አርቲክል 4 በሁለቱ መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 14 ዲግሪ ነው። ገጹን ከፍቼ አሳየሁት። «ኢንጂነሩ እኔ ነኝ፣ አንተ ቴክኒሻን ነህ» ብሎ ወረቀቱን መልሶ ገፋልኝ። ሀበሻ ሲናገር ደግሞ ድፍረት ይመስላቸዋል። እሺ አልኩት፣ ሁለቱንም ሙቀት ካሊብሬሽን ሺቱ ላይ ጻፍኩና አስፈረምኩት። ሳያነብ ፈረመ!

የማታው ሺፍት በዚያው ካሊብሬሽን ብየዳዎቹን ጉድለት አለባቸው ብሎ ውድቅ ማድረግ ጀመረ። ብየዳዎቹን በግራይንደር ፈልፍለው ሥሩ ድረስ ወረዱ። ምንም የለም፣ ብረቱ ንጹሕ ነው። ሥራው ቆመ፣ ጩኸት ሆነ፣ ማን ፈተሸው ተባለ። የኛ ልጆች። ከደሞዛችን ሊቆርጡ ሲነሱ ሺቱን አወጣሁ፣ 23 እና 52፣ ከሥሩ የሱ ፊርማ። ቢሮው ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ብሎኩ ከቧንቧው ጎን ስካፎልዱ ላይ ዋለ። ሰውዬው ይቅርታ አላለም፣ አሁን ግን የኛን ወረቀት ሲፈርም እያንዳንዷን መስመር ያነባል።

አንተም ብሎኩን ብቻ አውጥተህ ዌጁን ከካቢን አምጥተህ ትኩስ ቧንቧ ላይ እንዳትለጥፈው። እሱም እዚያው ይሙቅ፣ ከዚያ ነው ካሊብሬት የምታደርገው። በየመሀሉም ፈትሸው፣ ዌጁ ተፈግፍጎ ሲያልቅም አንግሉ ይቀየራል። ድምፁን ወደ ብረቱ የሚያሳልፈው ጄል ደግሞ በዚያ ሙቀት ወዲያው ይደርቃል፣ ስካኑ ላይ ባዶ መስመር ካየህ ጠርገህ ድገመው እንጂ «ትንሽ ናት» ብለህ አትለፍ።

ሰርተፊኬትህን አይቼዋለሁ፣ በኤስ.ኤን.ቲ-ቲ.ሲ-1ኤ (አሠሪው ራሱ ሠራተኛውን በሚመሰክርበት መመሪያ) ነው የተሰጠህ። እሱ የአሠሪው ነው፣ አሠሪ ስትቀይር አብሮህ አይሄድም። ደንበኛው አይሶ 9712 (ገለልተኛ አካል የሚሰጠውን ሰርተፊኬት) ይፈልግ እንደሆነ ቲኬት ሳይቆረጥ በጽሑፍ ጠይቅ። የዓይን ምርመራ ወረቀትህም ዓመት ያላለፈው ይሁን። በሱ ምክንያት በር ላይ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ።

የቧንቧዎቹን ውፍረት ጠይቃቸውና እዚሁ ጻፍልኝ። ከ6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ቶፍድ (በሁለት ፕሮብ ከጉድለት ጫፍ በሚመጣ ሞገድ የሚደረግ ፍተሻ) እሠራለሁ ብለህ እንዳትፈርም። የቶፍድ ደንቡ አይሶ 10863 ራሱ የሚጀምረው ከ6 ነው፣ ከዚያ ከሳሳ በገጹ ላይ የሚሮጠው ሞገድና ከታች የሚመለሰው ኢኮ ተጠጋግተው መሀል ላይ የምታየው ነገር አይተዉልህም።